አሮጌ ሱቅ ቢራ መጥመቂያ ሲሆን፦ የፖሊዩሬቴን ሲሚንቶ ወለል ሲመዘን

ሱቅ የነበረ ቤት ቢራውን እዚያው እየጠመቀ የሚሸጥ መጠጥ ቤት ሲሆን መጀመሪያ የሚሸነፈው ወለሉ ነው። የሱቅ ወለል የተሠራው ለጫማ፣ ለመደርደሪያና ለመወልወያ ነው። ጠመቃ ግን የፈላ ውሃ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አሲድና የሚያጣብቅ የብቅል ጭማቂ በየቀኑ ያፈስበታል። ለዚህ ሥራ ፖሊዩሬቴን ሲሚንቶ (የፖሊዩሬቴን ሙጫና ሲሚንቶ ተደባልቆ ኮንክሪቱ ላይ የሚለበስ ወፍራም ማልበሻ) ከኤፖክሲ (ከሁለት ፈሳሾች ተቀላቅሎ የሚጠነክር የወለል ቅብ) በግልጽ ይበልጣል እንላለን፤ ከሥሩ ያለው ዝግጅት ካልተዘለለ።

ኤፖክሲ ሲቀባ ያምራል፤ የሚጥለው ሙቀት ነው። ታንከር በ80 ዲግሪ ኮስቲክ ታጥቦ ሲለቀቅ ኤፖክሲው ከኮንክሪቱ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲከተለው ደግሞ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም በፍሳሹ አፍ ዙሪያ ጠርዙ ብድግ ይላል፣ ውሃ ከሥር ይገባል፣ እርሾው እዚያ ይሸታል። በመዶሻ እጀታ መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ይሄ ቦታ ነው። ፖሊዩሬቴን ሲሚንቶ ግን የሚለጠጠው ከኮንክሪት ጋር በተቀራረበ መጠን ስለሆነ አብሮት ይሄዳል። ለአብዛኛው ወለል 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ማፍያውና ፍሳሹ አጠገብ፣ የፈላ ውሃ በቀጥታ በሚወድቅበት፣ 9 ሚሊ ሜትር ይሁን። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ከባዱ ሥራ ከማልበሱ በፊት ያለው ነው። አሮጌ የቪኒል ንጣፍና ጥቁር ማጣበቂያው አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ጭረት) ሊኖርበት ስለሚችል ላብራቶሪ ሳያየው ግራይንደር አይነካውም። የሱቅ ወለል ደግሞ ለጥ ያለ ነው፤ ጠመቃ ግን ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲወርድ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ስሎፕ (ተዳፋት) ይፈልጋል። በ2 በመቶ ከፍሳሹ 3 ሜትር የራቀው ጥግ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፤ በሩ ይነካል፣ ተዳፋቱን ለማውጣት የሚነጠፈው አማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ (የሲሚንቶና አሸዋ ንጣፍ) በካሬ ሜትር ወደ 70 ኪሎ ይጨምራል። አፈር ላይ ያረፈ ወለል ከሆነ ይህ አያስጨንቅም። ከሥሩ ምድር ቤት ካለ ግን መሐንዲስ ያስላው፤ ሙሉ የ1,000 ሊትር ታንከር ከአንድ ቶን በላይ ሆኖ በአራት እግር ብቻ ነው የሚቆመው። ለፍሳሽ ቦይ ከመቆረጡ በፊት ወለሉ በስካነር ይታይ፤ የተወጠረ የብረት ገመድ ውስጡ ካለና መጋዙ ከበጠሰው ሰው ሊገድል ይችላል።

በየጠርዙና በፍሳሹ ዳር፣ ወርዱም ጥልቀቱም የማልበሻውን ውፍረት እጥፍ የሚሆን ጎድጓዳ መስመር ይቆረጣል፤ ለ9 ሚሊ ሜትር 18 ማለት ነው። ማልበሻው ኮንክሪቱን የሚነክስበት ጥርሱ ይህ ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚዘለውም ይህን ነው፤ ወለሉ ሲነሳ ታዲያ ዕቃው ይወቀሳል። ዞኮሎው ከወለሉ ጋር አንድ ሆኖ ክብ ታጥፎ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ላይ ይውጣ። ቦይውና ቧንቧው አይዝጌ ብረት ይሁኑ፤ ተራ ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል።

ጉድለቱም አለ። ከተቀላቀለ በኋላ የሚሠራበት ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ስለሆነ የተለማመደ ቡድን ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ከቆመ መጋጠሚያው ለዘለዓለም ይታያል። ፀሐይ ያቢጨዋል፤ የሱቅ ቤት ደግሞ ፊቱ ሰፊ መስታወት ነው። ስለዚህ ክሬም ቀለም ይቅር፣ ጥቁር ግራጫ ወይም ቀይ ቡናማ ይሻላል። ሸካራነቱም ልክ ይኑረው፦ በጣም ከሻከረ እርሾ ይይዛል፣ ከለሰለሰ ያንሸራትታል። ደንበኛ ለሚቀመጥበት በኩል ግን ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም፤ ተሞርዶ የተወለወለ ኮንክሪት ይበቃል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከፍሳሹ በራቀው ጥግ ሁሉ አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋ። ውሃ አቁሮ የሚቀር ቦታ ካለ ታንከሩ ሳይገባ ይስተካከል፤ ከገባ በኋላ ያንን ጥግ መድረስ አይቻልም።