መስመር ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ በምን ያውቃል? መለካት ብቻ ወይስ ገፋ አድርጎ መፈተን

መብራት ሲጠፋ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ የሶላር ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ወዲያው ማቆም አለበት። አለዚያ ኃይል የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። የአይትሪፕልኢ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) 1547 ደረጃ በመደበኛነት የሚፈቅደው 2 ሰከንድ ነው።

አንደኛው ዘዴ ቮልቴጅንና ፍሪኩዌንሲን (ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በኸርዝ የሚለካ) መለካት ብቻ ነው። ርካሽ ነው፣ የኃይሉን ጥራትም አይነካም። ግን ፓነሉ የሚያመነጨውና ቤቱ የሚጠቀመው እኩል ከሆነ ቮልቴጁም ፍሪኩዌንሲውም ብዙም አይናወጡም፤ ኢንቨርተሩ መቋረጡን ሳያውቅ ይቀጥላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲውን ሆን ብሎ በጥቂቱ ይገፋል። መስመሩ ካለ 50 ኸርዝ ላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከሌለ ግፊቱ እየተደራረበ ከገደብ ያስወጣውና ኢንቨርተሩ ይጠፋል። ሞገዱን ትንሽ ያበላሻል። ቢሆንም የሰው ሕይወት አለበትና ሁለቱም አብረው የተገጠሙበትን እመርጣለሁ።