አካፋ መምረጥ ላስተማሩኝ ቆፋሪ ያለኝ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ከ30 ዓመት በላይ በቁፋሮ ሥራ ለቆዩ አንድ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ከባድ ቁፋሮ የሚጠብቀውም ሰው ሁሉ ከእርሳቸው ጋር እንዲመክር ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉኝ አደራቸውን ጠብቄ፣ በሥራው ላይ ስጠራቸው እንደነበረው ሁሉ እዚህም «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ከቤቴ ጀርባ ይተኛና ቀስ በቀስ ወደ መሠረቱ ይሰርግ ነበር። መፍትሔው 22 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ መቆፈር ስለነበር፣ ሥራውን በራሴ እጅ ለመሥራት ወስኜ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አካፋዬ እግሬን ባሳረፍኩበት ትከሻው ላይ እንደ ካርቶን ታጠፈ። ሁለተኛው ደግሞ ገና በሦስተኛው ቀን ዛቢያው ብረቱ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ላይ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ፣ ወገቤ አልቃና ብሎኝ፣ ቦዩ አራት ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጋሼን ለማስቆፈር ጠራኋቸው።

ጋሼ እንደመጡ ቦዩን አላዩም። በመጀመሪያ የጠየቁኝ የተሰበሩት አካፋዎች የት እንዳሉ ነበር። የተሰበረውን ዛቢያ አንስተው ቀለሙን በቢላዋ ጥቂት ከፋቁት በኋላ ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ፤ ስብራቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ብዕር ጫፍ የሾለ፣ ከአንዱ ጎን ተነስቶ በሌላው ጎን የወጣ ነበር። «ልጄ፣ የእንጨቱን መስመሮች ተመልከቺ፤ ከዛቢያው ጋር አብረው አይሄዱም፣ እዚህ ገብተው እዚያ ይወጣሉ፤ ቀለሙ ይህን ደብቆብሻል» አሉኝ። ከዚያም ቁፋሮውን ሊሠሩልኝ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ራሴ ለመቆፈር ፍላጎቱ ካለኝ ከጉልበቴ በፊት መታረም ያለበት አካፋው እንደሆነ ነገሩኝ። የብዙ ቀን ገቢያቸውን በገዛ አንደበታቸው አሳልፈው የሚሰጡ ባለሙያ በመሆናቸው ያደረብኝ አክብሮት የተጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው።

በማግስቱ አብረውኝ ሄደው አካፋ ሲያስመርጡኝ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የሰጡት ብረቱና ዛቢያው ለሚገናኙበት ቦታ ነበር። ምክንያቱም ቆፋሪው ዛቢያውን ወደ ታች ሲጫን ኃይሉ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ላይ ነው፤ ረጅም ዛቢያ ደግሞ ለክንድ ጉልበት እንደሚጨምር ሁሉ በዚህች መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈውንም ጫና ያበዛል። ስለዚህ ዛቢያው የሚገባበት የብረት ቱቦ አጭር የሆነውን፣ ወይም በአንዲት ቀጭን ምስማር ብቻ የተያዘውን አካፋ ገና ሳያነሱት ያልፉት ነበር። የመረጡልኝ ቱቦው ረዘም ብሎ ዛቢያውን አጥብቆ የሚያቅፍ፣ በሁለት ችንካር የተያዘና ሲወዘውዙት ምንም የማይንቀሳቀስ ነው። ብረቱና ቱቦው ከአንድ ብረት ተቀጥቅጠው የተሠሩ ከሆነ የተሻለ እንደሆነ፣ በብየዳ የተያያዙ ከሆኑ ግን የብየዳውን መስመር በጥፍር እየዳሰሱ ክፍተት አለመኖሩን ማረጋገጥ እንደሚገባ አስረድተውኛል።

ብረቱን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ተምሬያለሁ። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ አካፋዎች ከ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ላሜራ የሚሠሩ ሲሆን ለከባድ ቁፋሮ የሚሆነው ግን ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ነው። አንዳንድ አምራቾች ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ሳይሆን በጌጅ ስለሚጽፉ፣ የጌጅ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ እንደሚሳሳ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባለ 14 ጌጁ ከባለ 16 ጌጁ ይወፍራል። ሁለተኛው የጀርባው አሠራር ነው። ብዙ አካፋዎች በፊት በኩል ጉብ ያለ፣ በጀርባ በኩል ደግሞ ጎድጉዶ ክፍት የቀረ መስመር አላቸው፤ የእኔ አፈር የሚያጣብቅ ሸክላ በመሆኑ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ጭቃ እየተጠቀጠቀ አካፋውን ያከብደው እንደነበር የገባኝ ጋሼ በእንጨት ፍቀው ሲያወጡት ነው። ከጀርባው የተዘጋ አካፋ ጭቃ አይዝም፣ ለመታጠፍም አይቸኩልም።

ጫፉ ሾጠጥ ያለው አካፋ ለመቆፈር፣ አፉ አራት ማዕዘን የሆነው ደግሞ የተፈታ አሸዋና ጠጠር ለመዛቅ እንደሚሆን ብዙ ሰው ያውቃል፤ በዚህ ላይ አልዘገይም። እኔ የማላውቀው ግን ብረቱ ከዛቢያው ጋር የሚሠራው ማዕዘንም ሊታይ እንደሚገባ ነበር። አካፋውን መሬት ላይ ስናጋድመው የዛቢያው ጫፍ ከመሬት በጣም ከፍ ካለ ለመዛቅ ምቹ ነው፤ ዝቅ ካለ ግን ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ለመግባት የተሻለ ይሆናል። ከዚህም ጋር የብረቱ የላይኛው ጠርዝ ወደ ፊት ታጥፎ ለእግር ማረፊያ የሚሆን ሰፊ መርገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ስለት የመሰለ ቀጭን ጠርዝ ላይ ቀኑን ሙሉ መርገጥ በወፍራም ጫማ እንኳ የውስጥ እግርን ያቆስላል።

ለዛቢያው እኔ የፋይበር ግላስ ፈልጌ ነበር፤ እርጥበት የማይነካው፣ የማይበሰብስና የማይጣመም መሆኑ ማርኮኛል። ጋሼ ይህን ሁሉ አልካዱም፤ አካፋውን ውጭ ለሚያሳድር ሰው እርሱ እንደሚሻል ራሳቸው ነግረውኛል። ነገር ግን እንጨት የመሬቱን ምት ለእጅ አለዝቦ እንደሚያደርስ፣ ቢሰበርም ቤት ውስጥ ሊቀየር እንደሚችል አስረድተው ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔም እንጨቱን መረጥኩ። ቀለም የተቀባውን ትተን መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው የሚሄዱትን፣ አንጓ የሌለበትን ለየን። ጋሼ ዛቢያውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መጣመም አለመጣመሙን እያዩ አራቱን መልሰው አምስተኛውን ሰጡኝ። ቁመቱንም በእኔ ቁመት ለኩት፤ አካፋው በጫፉ ሲቆም ከትከሻዬ በላይ ከአገጬ በታች ሊደርስ ይገባል ብለው 1.38 ሜትር የሆነውን አስያዙኝ። ከዚህ ያጠረ ወገብ ያጎብጣል፤ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ባለ እጀታው አጭር አካፋ እንደሚሻል አልሸሸጉም።

እኔ ጠንካራ ማለት ከባድ ማለት ይመስለኝ ስለነበር፣ ትልቁንና ከባዱን አካፋ ሳነሳ ያስቆሙኝ በሒሳብ ነው። የቦዬ አፈር ከአምስት ሜትር ኩብ ጥቂት ይበልጣል፤ እርጥብ ሸክላ ደግሞ በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ የሚወጣው አፈር ከ9 ቶን በላይ ነው። በአንድ ጊዜ 7 ኪሎ ባነሳ ከ1300 ጊዜ በላይ እዝቃለሁ ማለት ነው። አካፋው ከሚያስፈልገው በላይ ግማሽ ኪሎ ቢከብድ፣ ምንም አፈር የሌለበት ከ600 ኪሎ በላይ ትርፍ ሸክም በወገቤ ላይ ይጨመራል። ጋሼ ይህን በጣቶቻቸው እየቆጠሩ ሲነግሩኝ ያስታወሰኝ ነገር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ የአካፋ ሠራተኞችን ሲያጠና፣ ሠራተኞቹ በአንድ ዓይነት አካፋ ደቃቅ ከሰል ሲዝቁ 1.6 ኪሎ፣ የብረት ማዕድን ሲዝቁ ደግሞ 17 ኪሎ ገደማ ያነሱ እንደነበር አይቶ፣ በቀን ብዙ ሥራ የሚወጣው በአንድ አካፋ 9.5 ኪሎ ገደማ ሲነሳ ነው ብሎ ደምድሟል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃም የተለያየ ስፋት ያለው አካፋ እንዲዘጋጅ አድርጓል። ያ ልክ ለተመረጡ የቀን ሠራተኞች የወጣ ስለሆነ ለእኔ ይበዛል፤ ነገር ግን አካፋ የሚመረጠው በአፈሩና በሰውየው ልክ ነው የሚለው የጋሼ አቋም ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ከተመረጠ በኋላም አልተዉኝም። አዲሱን አካፋ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሞረድ ስለቱን ከውስጥ በኩል ብቻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፉ አወጡለት፤ ብረቱ ቀጭን ብር የመሰለ መስመር ሲያወጣ «ይበቃል፣ ምላጭ አይደለም፤ ከዚህ ካለፈ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል» ብለው አቆሙ። ልዩነቱን ያወቅኩት በመጀመሪያው እርግጫ ነው፤ ዘልዬ እረግጠው የነበረው መሬት በሰውነቴ ክብደት ብቻ ተከፈተ። ድንጋይ ሲያጋጥመኝ አካፋውን እንደ ማንሻ እንዳልጠቀም አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል፤ ለዚያ ድጅኖ አለ፣ የደረቀውን ለመፈልፈል ደግሞ ዶማ አለ። ሁለተኛውን ዛቢያ የሰበረው መጥፎ እንጨት ብቻ ሳይሆን ይህ ልማዴም እንደነበር በዚያን ጊዜ ተረዳሁ። ማታ ማታ ጭቃውን አጥቤ፣ ብረቱን አድርቄ በዘይት ጨርቅ እንዳብሰው፣ ዛቢያውንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ የተልባ ዘይት እንድቀባው አሳይተውኛል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ እንዳለበት የነገሩኝን ለብቻው አንስቼ እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቦዩ በ11 ቀን ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ውሃው በቦዩ ወርዷል፤ አካፋው ስለቱ ጥቂት ከመደብዘዙ በቀር ዛቢያውም መጋጠሚያውም እንደተገዛ ነው። ጋሼን ለሥራ ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ፤ አይቸኩሉም። አፈሩን ሳይዳስሱ፣ ከመሬት በታች የውሃ ቧንቧ ወይም የመብራት መስመር መኖሩን ሳያጣሩ አንድ ጊዜ እንኳ አይቆፍሩም፤ እኔ ይህን ከብቃታቸው እቆጥረዋለሁ። ለቦይ፣ ለጉድጓድ፣ ለመሠረትና ለዛፍ መትከያ ቁፋሮ፣ ወይም እንደ እኔ ራሱ ቆፍሮ ምክር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያለ ምንም ማቅማማት እጠቁማቸዋለሁ። ስልካቸውን በአደባባይ ባልጽፍም፣ በግል ለሚጠይቀኝ ሁሉ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነቡልዎት ነግረውኛልና፣ ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ትዕግስትዎና ያቺን አምስተኛዋን ዛቢያ እስክናገኝ ስለ መቆምዎ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።