ሲኖሎጂ ዲኤስ224+ ከዓመት በኋላ፦ የሰርግ ፎቶ ለሚያስቀምጥ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። ስቱዲዮዬም ቤቴም አንድ ነው። ይህን ከኮምፒውተር ጋር በኔትዎርክ የሚገናኝ ባለ ሁለት ዲስክ ማስቀመጫ ሳጥን ከገዛሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የጥርንም ከፋሲካ በኋላ ያለውንም የሰርግ ወቅት አብሮኝ አሳልፏል። አሁን አፌን ሞልቼ ስለሱ መናገር እችላለሁ።

ለምን እንዳስፈለገኝ ልናገር። እንደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ያለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ያልተጨመቀ ሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳይነካካ የሚያስቀምጠው ጥሬው ፎቶ) አንዱ ብቻ 47 ሜጋባይት ገደማ ነው። በአንድ ሰርግ 3,000 ፎቶ ከተነሳ 140 ጊጋባይት ሄደ። ሁለተኛ ካሜራ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ድሮ እንደ ብዙዎቻችን በየወቅቱ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ እየገዛሁ፣ ሲሞላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ችግሩ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ መበላሸቱን የሚናገር የለም። የሚታወቀው ሰው ፎቶ ሲጠይቅ ነው።

ሰው ደግሞ ይጠይቃል። በቅርቡ የአንዲት ሙሽራ ወንድም በጠዋት ደወለ። አባታቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ ይፈልጋሉ። አባትየው ልጃቸውን ሲመርቁ ያነሳኋቸው ነበረ። ፎልደሮቼን በፈረንጅና በሐበሻ ቀን ነው የምሰይማቸው፤ «2024-01-28 ጥር 19» ብዬ ከፈትኩ፣ ሮው ፋይሉን አወጣሁ፣ ፊታቸውን ብቻ ቆርጬ ለትልቅ ህትመት ላክሁ። አልበም ላይ የገባው ትንሹ ፎቶ ለዚያ አይበቃም ነበር። ሮውን አጥፍታችሁ ጄፔግ ብቻ ለምታስቀምጡ፣ እባካችሁ ደግማችሁ አስቡበት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ውስጡ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ አለ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ስለዚህ የምትጠቀሙት የአንዱን ያህል ቦታ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንደኛው ዲስክ ባድ ሴክተር (የተበላሸ፣ የማይነበብ ቦታ) ማሳየት ጀመረ፤ ሳጥኑ ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት ላከልኝ። አዲስ ዲስክ ገዛሁ፣ ሳጥኑን ሳልፈታ ሳላጠፋ የድሮውን ስቤ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲገለብጥ አደረ፣ እኔም በመሃል ስራዬን ቀጠልኩ። ዋጋውን በዚያ ሌሊት መልሷል ባይ ነኝ።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ያሉት ሁለት ባለ 1 ጊጋቢት መስመሮች ናቸው፤ በኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፣ 140 ጊጋባይት ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። በዋይፋይማ አትሞክሩት። ኤዲት የማደርገው ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ፈጣን ዲስክ (ኤስኤስዲ) ላይ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሳጥኑ አዛውራለሁ። በቀጥታ ከሳጥኑ ላይ ኤዲት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ባለ 2.5 ጊጋቢት መስመር ያለውን ዲኤስ225+ ይይ።

አሁን ዋናው ጉዳይ መብራት ነው። ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ሲሄድ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ሰው ይህን ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል። ዩፒኤሱ ደግሞ የዩኤስቢ መውጫ ያለው ይሁን፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ የላቸውም። በዚያ ኬብል ሲገናኙ ሳጥኑ መብራት መሄዱን ያውቃል። እኔ ጋ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ሳጥኑ የጀመረውን ጨርሶ ራሱን ያሳርፋል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ቤት ባልኖርም ያው ነው።

ግን ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ባክአፕ አላችሁ ማለት አይደለም! ሁለቱ ዲስኮች አንድ ላይ ናቸው። አንድ ፎልደር ከጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል። ለዚህ እንኳን ስናፕሾት የሚባለው ይረዳል፣ የትናንቱን መልሶ ያመጣል። ሌባ ወይም እሳት ሲመጣ ግን ሳጥኑ ራሱ ይሄዳል። አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ፒተር ክሮግ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባለው ደንብ የመጣው ለዚህ ነው፦ ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የእኔ ሦስተኛው ቢሾፍቱ እህቴ ቤት ነው። ሁለት ኤክስተርናል አሉኝ፤ አንዱ እኔ ጋ ሃይፐር ባክአፕ በሚባለው የሳጥኑ ፕሮግራም ይሞላል፣ ሌላው እሷ ጋ ነው፣ ለጥየቃ ስሄድ እንለዋወጣለን። ፕሮግራሙን ስታዘጋጁ ባለ አንድ ቨርዥኑን ምረጡ። ያኔ ፋይሎቹ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ ፎልደር ይከፈታሉ። በሌላው አሠራር ግን ለመክፈት የራሱ የሲኖሎጂ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ ሳጥኑ በሌለበት ቀን ይህ ያስጨንቃል።

ክላውድስ? በ10 ሜጋቢት አፕሎድ አንድ ቴራባይት ለመጫን ያለ ማቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። እኔ የምጭነው ኤዲት ያለቀላቸውን ጄፔጎች ብቻ ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ብራችሁን በሳጥኑ ብቻ አትጨርሱ፤ ለዩፒኤስና ለሁለቱ ኤክስተርናሎች መድቡ። ዲስክ ስትገዙ ሲኤምአር የሚባለው (መረጃው ሳይደራረብ የሚጻፍበት) መሆኑን በሞዴል ቁጥሩ አረጋግጡ። መረጃው ተደራርቦ የሚጻፍበት ኤስኤምአር ዲስክ የተበላሸውን ሲተኩ ሲገለብጥ በጣም ይዘገያል፣ በ2020 ዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል አንዳንድ ሬድ ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ሳይገልጽ ሲሸጥ እንደነበር ታውቆ ብዙ ተብሏል፤ ሬድ ፕላስ የሚለው ሲኤምአር ነው። ሁለቱን ዲስኮች ደግሞ ከአንድ ካርቶን አትግዙ። አብረው የተሠሩ አብረው ሊደክሙ ይችላሉ፣ አንዱን ከአንድ ሱቅ ሌላውን ከሌላ ሱቅ ውሰዱ።