ባህር ዳር ላላችሁ፦ የሄፓታይተስ ሲ ህክምና ፈልጎ ለሚሳቀቅ ሰው ጥቆማ

ይሄ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ምስጋናው እዚሁ ባህር ዳር ለምትሠራ አንዲት ሲስተር ነው። ጥቆማው ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወጋ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ቤቱ ላለው ሰው ነው፤ በአደባባይ የሚያወራ ባይኖርም ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። "ወረፋው አያስፈራኝም፣ የሚያስፈራኝ ወሬው ነው" አለችኝ፤ እሷ ጋ የሚመጡት ልጆች የሚያውቃቸው ሰው ካዩ ሁለተኛ አይመለሱም።

ታሪኩ የታናሽ ወንድሜ ነው፣ ጻፊው ያለኝም እሱ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ በሄደበት መርፌ ለመደ፣ ሲመለስም ይዞት መጣ። አጎታችን ኦፕሬሽን ሲደረግ ደም ልስጥ ብሎ ሄዶ ነው ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ እንዳለበት የተነገረው። እማዬ አላመነችም። እሷ የምታውቀው የወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ነው፣ የልጇ ዓይን ደግሞ ጥርት ያለ ነበር። ይሄኛው ግን ብዙ ጊዜ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ነው ጉበቱን ቀስ በቀስ በጠባሳ የሚሞላው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) "ሱሱን ተውና ና" ብለው መለሱት። እሱም ሄደ፣ አልተወም፣ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ መርፌ የሚወጉ ሰዎች እንደማንኛውም ሰው ይታከሙ ነው የሚለው። ነገሩ እኮ ግልጽ ነው፤ ቫይረሱን ለጓደኞቹ ሊያቀብል የሚችለውን ሰው ከበር መልሰህ ማንን ልታክም ነው?

ሲስተርን ያገኘናት በሰው በሰው ነው። መጀመሪያ ያየሁት ነገር ደም ስትቀዳ ነው። የወንድሜ ክንድ ደም ስሩ ጠፍቷል፣ ሌላ ቦታ እየደጋገሙ ወግተውት ተናዶ ወጥቷል። እሷ ግን ጓንቷን እያደረገች "የትኛው ነው የሚሠራልህ? አንተ ታውቀዋለህ" አለችው። አሳያት። በአንዴ አገኘችው። በዚያች ሰዓት ፊቱን ብታዩት! ከዚያ በኋላ ያልነገራት ነገር የለም፤ ስንት ጊዜ እንደሚወጋ፣ ከማን ጋር፣ ሁሉንም። እኔ እህቱ ያላወቅኩትን እሷ ሰማች።

ጓደኛሞቹ ሲሪንጅ እንደሚዋዋሱ ስትሰማ አልተቆጣችም። መርፌው ብቻ ሳይሆን የሚያሟሙበት ማንኪያ፣ ጥጡና ውሃውም ጭምር ቫይረሱን እንደሚያስተላልፍ አስረዳችው። ለየራሳችሁ አዲስ ያዙ፣ ይሄው ነው። ቤት መጥታ ደግሞ እማዬን ገላገለችልን። እማዬ ሲኒውንና ሳህኑን ለይታበት ነበር። "እማማ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ጉርሻም አይከለከልም፤ ምላጩንና የጥርስ ብሩሹን ብቻ ለብቻው ያድርግ" አለቻት። ጸበሉንም አልነካችባትም። ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠጣ፣ የባህል መድኃኒት ግን ሳታማክሩኝ እንዳትሰጡት አለች፤ ጉበት የሚጎዳ ቅጠል አለና።

ወደ ህክምናው ልምጣ። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን አንዴ እንዳገኘው ብቻ ነው። ከተያዙት ሰዎች ከፊሎቹ በስድስት ወር ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ፣ ስለዚህ ቫይረሱ አሁንም ደም ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል። ለቲቢ የምናውቀው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ይሄንንም እንደሚሠራ የሰማሁት ከእሷ ነው። ሄፓታይተስ ቢም ቀድሞ ይታያል፤ ሁለቱም ካሉ፣ ሲ ሲታከም ቢ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር አዘዘለት፣ በቀን አንዴ፣ ለ12 ሳምንት። መርፌ የለውም፣ አልጋ መያዝ የለውም። በዚህ ዓይነት መድኃኒት ከሚታከሙት ከ95 በመቶ በላይ ይድናሉ። ሶፎስቡቪር በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲወጣ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበረች አሉ! አሁን ህንድና ግብፅ የሚሠሩት በጣም በረከሰ ዋጋ አለ፤ ቢሆንም ለእኛ ቤት ቀላል አልነበረም።

ክኒኑን አንዴ ሙሉውን አልሰጠችውም፣ እንዳይጠፋበት በየሳምንቱ ከፋፍላ ትሰጠው ነበር። ማታ ማታ ሚስኮል ታደርግለታለች፣ ከዋጠ እሱም ሚስኮል ይመልሳል፣ ካልመለሰ ትደውላለች። በራሷ ካርድ! ደሞዟን ለሚያውቅ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ክኒኑን ከጨረሰ ከ12 ሳምንት በኋላ ሲመረመር ቫይረሱ የለም። ዳነ። እልል ነው ያልነው። ፈጣኑ ምርመራ ግን ከዚህ በኋላም ፖዘቲቭ ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ውጤት ወረቀት አስቀምጡት፣ ለሥራ ወይም ለጉዞ ስትመረመሩ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናችኋል።

ሱሱን ተወ ወይ ለምትሉኝ፣ ሙሉ ለሙሉ አልተወም። ቀንሷል። በሽታው ተመልሶ ሊይዘው እንደሚችል ያውቃል፣ ክትባትም የለውም፣ ስለዚህ የራሱን መርፌ ነው የሚይዘው፣ ምርመራውንም እየሄደ ያሠራል። አረቄውን ግን ተወ፣ ይሄን እማዬ የጸበሉ ሥራ ነው ትላለች። ይሁንላት።

አንድ ቅሬታ ካለኝ፣ እሷ ፈቃድ ስትወጣ የሚተካት ሰው እንደሷ አለመሆኑ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ።

አድራሻዋን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የማን ጉዳይ እንደሆነ አልጠይቅም። ስትሄዱ የቆየ የምርመራ ወረቀት ካለ ያዙ። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ንገሯት፣ ከክኒኑ ጋር የማይስማሙ አሉ። ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ሰው ይቀንሳል። ደግሞ ውሃ በደንብ ጠጥታችሁ ሂዱ፣ ደም ስሩን ለማግኘት ይቀላታል።