የትራክተር ዳሽቦርድ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ጅማና ዙሪያዋ አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰን ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ።

የአባቴ ትራክተር 135 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረው ሞዴል። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ግፊትንና ሌላውን በመርፌ የሚያሳዩት የጌጆቹ መስታወት ደብዝዞ መርፌው አይታይም ነበር። ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ «ሙሉውን በአዲስ እንቀይርላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ነው» አለን። 14,000 ብር ከፈልን።

የኛ የድሮው የዘይት ግፊት ጌጅ ሽቦ የለውም። ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ እስከ ጌጁ ይመጣና መርፌውን ይገፋል። አዲሱ ግን ሞተሩ ላይ ከታሰረ ሴንሰር ነው የሚያነበው። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ዓይነት ሴንሰር ግፊት ሳይኖር 10 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ይሰጣል፣ ግፊቱ ሲሞላ 180 አካባቢ ይደርሳል። ሌላው ዓይነት ግልባጩ ነው፤ ከ240 ይነሳና ሲሞላ 33 ላይ ይቆማል። የጋራዡ ሰዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ሴንሰር ለሁለተኛው ዓይነት ከተሠራ ጌጅ ጋር አገናኝተውታል። የዘይት ግፊት ሲቀንስ መርፌው ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው!

ገና ቁልፍ ስንከፍት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይቱ መርፌ እስከ ሙሉው ጥግ ደረሰ። አባቴ «ሳይነሳ ግፊቱ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። «አዲስ ስለሆነ ነው» አሉት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሰንዳቦ በኩል የበቆሎ መሬት ሲያርስ የዘይት ማጣሪያው (ፊልትሮው) ማሸጊያ ጎማ ዘይት አፈሰሰ። መርፌው ከፍ አለ። ሾፌሩ ሙሉ ነው ብሎ ቀጠለ። በሱ አልፈርድም፣ ያየውን ነው ያመነው። ሞተሩ ያለ ዘይት ነከሰ፣ ተጣብቆ ቆመ።

ጋራዡ «የኛ ጥፋት አይደለም» አለ። ደረሰኝ አልሰጡንም ነበር። የድሮውን ጌጅ መልሱ ስንል «ተጥሏል» አሉን። አብሮ የሄደው ደግሞ ትራክተሩ የሠራውን ሰዓት የሚቆጥረው ነው። አዲሱ ከዜሮ ጀመረ። ነገ ቢሸጥ አባቴ ሰዓት የሰረቀ ይመስላል።

የግድ ካስቀየራችሁ ጌጁና ሴንሰሩ ከአንድ እሽግ ሲወጡ በዓይናችሁ እዩ። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። የወለቀውን ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። ከሁሉም በላይ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ የዘይቱን መርፌ ተመልከቱ። ዜሮ ላይ ካልተኛ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ።

ኦሪጅናሉን ጌጅ ከነቱቦው የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። አባቴ ሞተሩ ቢጠገን እንኳ ያ ካልተገኘ ትራክተሩን አላስነሳም ብሏል።