ገና ያልተሠራ ካሜራ ወይስ ያገለገለ ፔንታክስ?

በፊልም ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ዛሬ ሁለት ምርጫ አለው፤ በንድፍ ላይ ላለ አዲስ ካሜራ በኢንተርኔት አስቀድሞ ገንዘብ ማዋጣት፣ ወይም ያገለገለ ካሜራ መግዛት። የመጀመሪያውን በጥርጣሬ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማዋጫ ድረ ገጽ ገንዘብ የተሰበሰበለት «ሪፍሌክስ 1» የተባለ የፊልም ካሜራ በ2018 እንደሚደርስ ቃል ቢገባም ለአዋጪዎቹ ሳይደርስ ቀርቷል። ኪክስታርተር ሱቅ ስላልሆነ ያዋጣ ሰው ዕቃው እንደሚደርሰው ዋስትና የለውም፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያዋጣ ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ራሱ ሌላ ችግር ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን መዝጊያው፣ ማለትም ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ሳይዛነፍ ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ብርሃን ፊልሙ ላይ እንዲያሳርፍ ማድረግ በሚያምር ሥዕል የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ፒያሳ አንድ ወዳጄ ያሳየኝ ፔንታክስ ኬ1000 የተባለ ያገለገለ የፊልም ካሜራ ግን በእጅ የሚፈተሽ ነው። ጀርባውን ከፍቼ ወደ መስኮቱ አዙሬ መዝጊያውን በየፍጥነቱ ሞከርኩት፤ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ ቀልጦ ጣቴ ላይ እንደ ሬንጅ ቢጣበቅም እሱን መቀየር ቀላል ነው። ባትሪ የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ። አዲስ የግድ ለሚል፣ የፔንታክስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ፔንታክስ 17 ተሠርቶ ለገበያ የቀረበ የፊልም ካሜራ ነው።