ለጦር ጨዋታችሁ ግራድ ወይስ ሃይማርስ?

ወታደራዊ የሚና ጨዋታ ውስጥ ሮኬት የጫነ መኪና ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ እኔ ያለማመንታት ግራድ እላለሁ። ግራድ፣ በሌላ ስሙ ቢኤም-21፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሶቪየት ኅብረት ሠራዊቷን ያስታጠቀችው ሮኬት ተኳሽ መኪና ነው። ኡራል የተባለ ካሚዮን ላይ 40 ቱቦ ተጭኖበት 122 ሚሊ ሜትር ሮኬቶቹን በ20 ሰከንድ ገደማ ያራግፋቸዋል። ጨዋታው የሚጥመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭሱና አቧራው ያለበትን ቦታ ያሳብቅበታል፣ ሮኬቶቹን አንድ በአንድ በእጅ መሙላት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ስለዚህ ተጫዋቹ ተኩሶ ወዲያው ካልሸሸ የጠላት መድፍ ይደርስበታል። ደግሞ ሰፊ ቦታ ነው የሚደበድበው፣ አንድ ቤት ለይቶ አይመታም። አጠገቡ መንደር ካለ ተጫዋቹ ከመተኮሱ በፊት ደጋግሞ ያስብ፤ ይሄን ውሳኔ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት።

የአሜሪካው ሃይማርስ ሌላ ነው። የሚይዘው 6 ሮኬት፣ 227 ሚሊ ሜትር። ግን በጂፒኤስ የሚመሩት ሮኬቶቹ እስከ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሄደው ያነጣጠሩበትን ያገኛሉ፣ የግራድ የተለመደው ሮኬት ደግሞ 20 ገደማ ነው። 3 ሰው ይበቃዋል፣ ሙሉውን የሮኬት ሳጥን በራሱ ማንሻ ይቀይራል። ግን ጨዋታውን በጣም ያቀልለዋል። የግድ ካስገባችሁት የሳጥኖቹን ቁጥር አሳንሱ፣ ዒላማውንም ቀድሞ የሚያይ ድሮን ወይም ቃኚ ከሌለ አይተኮስ በሉ።